ሃኒባል አልሸሽም ያለ ዕለት

ባለፈው ቅዳሜ ከልጄ ከሰብለ ጋር በሐይቁ ዳር ስንሄድ፣ ታንኳ ሠሪዎች ገና ያጨዱትን ደንገል ከውኃ እያወጡ ሲከምሩ አገኘናቸው። እርጥብ ደንገል የራሱ ሽታ አለው፤ ሣርም ጭቃም ዓሣም ያልሆነ፣ ግን ሦስቱንም የሚያስታውስ። ቆም አልሁ። ሰብለ ጉልበቴን ያመመኝ መስሏት ክንዴን ያዘች። «ደከመህ እንዴ አባዬ?» አለችኝ። ጉልበቴ እንኳ በዚያች ሰዓት ደኅና ነበር። ያቆመኝ የደንገል ጋሻ ነው። ዐሥራ ስምንት ዓመቴ ሳለ፣ በዚህችው ከተማ፣ ለግማሽ ቀን የካርቴጁ የጦር አዛዥ ሃኒባል ሆኜ፣ ከእንዲህ ያለ ደንገል የተሠራ ጋሻ ይዤ ከሮማ ሠራዊት ፊት ቆሜ ነበር። ስነግራት ሳቀች። «ማን አሸነፈ ታዲያ?» አለች። እሱን ለመመለስ ብዙ ወደ ኋላ መሄድ ስላለብኝ ሻይ ቤት ፈልገን ተቀመጥን። ለእሷ የነገርኋት ግማሹን ነው፤ እዚህ ሙሉውን እጽፈዋለሁ።

የዚያን ጊዜዋ ባሕር ዳር አሁን ካለችው ውስጥ ብትገባ ጥግ ይዛ የምትቀመጥ ትንሽ ከተማ ነበረች። አስፋልቱ አንድ፣ ዘንባባዎቹ ገና የሰው ቁመት ያህል። የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው ጡሩንባ ሲነፋ ሰዓታችንን እናስተካክላለን፤ ሰዓት የነበራቸው ማለቴ ነው። ከዚያ ከአሥመራ፣ ከሐረር፣ ከወለጋ፣ ከየት ከየቱ ለደመወዝ የመጣው ሠራተኛ በቢስክሌት ተሰልፎ ይወጣል፤ መንገዱ ለሩብ ሰዓት ያህል የደወል ድምፅ ብቻ ይሆናል። ቢስክሌት ኪራይ ለግማሽ ሰዓት ስሙኒ ነበር። የቀረሶ ዓሣ ጥብስ ከነዳቦው ሃምሳ ሳንቲም። የሰው ዓይን የሚገባው ልብስ ከጉልበት በታች እየሰፋ ሄዶ ጫማውን የሚሸፍን ሱሪና ኮሌታው እስከ ትከሻ የሚደርስ የቴትሮን ሸሚዝ ነው። እኔ ሱሪው ነበረኝ፤ ሸሚዙን ከጓደኛ እዋስ ነበር። አንዱ ጥግ ላይ ያለ ሙዚቃ ቤት ጠዋት ማታ የሚያጫውታት አንዲት ሸክላ ነበረች። አንድ ቦታ ላይ ተጭራ ስለነበር ዘፋኟ «ና» የምትለዋን ቃል ሦስት ጊዜ ትደግማታለች። እኛም ዘፈኑን ስናንጎራጉር ሦስት ጊዜ ነበር የምንለው፤ አንድ ጊዜ ብቻ መሆኑን ያወቅሁት ከብዙ ዓመት በኋላ አዲስ አበባ ውስጥ ነው። አሁን እዚያ ጥግ ላይ ሞባይል የሚሸጥበት ባለ መስታወት ሕንፃ ቆሟል።

እኔ የማክሰኝት ገበሬ ልጅ ነኝ። በየመስከረሙ ከጎርጎራ ተሳፍሬ ሐይቁን አቋርጬ እመጣና አንዲት ጠባብ ክፍል ተከራይቼ እማራለሁ። ስንቄ በሶና የሽምብራ ቆሎ ነበር። አንድ ወንበር ላይ አብሮኝ የሚቀመጠው ሰይድ ግን የከተማ ልጅ ነው። አባቱ አሁን ፋሲሎ በምንለው በኩል ጨርቅ ይሸጣሉ፤ ከሱቁ ጎን ደግሞ የሚያከራዩዋቸው ዐሥራ ሁለት ቢስክሌቶች ነበሯቸው። ሰይድ በሕይወቱ አንድ ጊዜ እንኳ ለቢስክሌት ከፍሎ አያውቅም። በዚህ ምክንያት ከእኛ ሁሉ የሚበልጥ ይመስለው ነበር፤ እውነቱን ለመናገር እኛም እንደዚያው ይመስለን ነበር።

የታሪክ መምህራችን መምህር ቶሎሳ ይባሉ ነበር። የወለጋ ሰው ናቸው፤ ባለቤታቸው ፋብሪካው ቢሮ ውስጥ ታይፒስት ነበሩ። ቢበዛ ሠላሳ ዓመት ቢሆናቸው ነው፣ ለእኛ ግን ሽማግሌ ነበሩ። ቀጭን፣ ክራባት የማይለያቸው፣ ሲናገሩ ጠመኔውን ወደ ላይ ወርውረው የሚቀልቡ። ከእሳቸው በፊት የነበሩት መምህር የነገሥታት ስም ዝርዝር ያስገለብጡን ነበር፤ እሳቸው ጦርነት አሳዩን። ጠረጴዛቸውን ወደ ክፍሉ መሃል ያስጎትቱና «አያሌው፣ ሮማን አምጣት» ይሉኛል። ሮማ ማለት የአባቴ ሽምብራ ነው። የሃኒባል ሠራዊት ባቄላ ነበር፤ እሱን ከየት እንደሚያመጡት አላውቅም።

የሮማ እግረኛ በሦስት መደዳ እንደሚሰለፍ የተማርሁት ከዚያ ጠረጴዛ ነው። ፊት ወጣቶቹ፣ ከእነሱ ኋላ ጎልማሶቹ፣ መጨረሻ ላይ ብዙ ያዩት አንጋፋዎች አንድ ጉልበታቸውን አንበርክከው ይጠብቃሉ። ወጣቱ ሲደክም በተተወለት ክፍተት ወደ ኋላ ይመለሳል፤ ጎልማሳው ይተካል። አንጋፋዎቹ ከተነሡ ነገር ተበላሽቷል ማለት ነው። እኔ አሁን በዕድሜዬ ሦስተኛው መደዳ ውስጥ ነኝ፤ ጉልበቴን ካንበረከክሁ ግን የሚያነሣኝ ሰው ያስፈልጋል። መምህር ከሁሉ አብልጠው የሚወዱት ሃኒባል ሮማን የደመሰሰበትን የካኔን ውጊያ ነበር። ሮማውያን በቁጥር እጅግ ይበልጣሉ። ቀን በቀን እየተፈራረቁ የሚያዝዙ ሁለት አዛዦች ነበሯቸው፤ አንዱ ረጋ ያለ፣ አንዱ ችኩል። ውጊያው በችኩሉ ቀን ዋለ፤ ያን ሁሉ ሰው በጠባብ ቦታ ጠቅጥቆ ወደ ፊት ነዳው። ሃኒባል ደግሞ የሰልፉን መሃል ወደ ፊት እንደ ጨረቃ አጉብጦ አወጣው፤ ራሱም እዚያው መሃል ቆመ። ሮማውያን ሲገፉ መሃሉ ቀስ እያለ ወደ ኋላ ይሳባል። አሸነፍን ብለው ሲከተሉ፣ ግራና ቀኝ ሳይነቃነቁ የቆዩት ጠንካራ እግረኞች ይታጠፉባቸዋል፤ ፈረሰኛው ዞሮ ከኋላ ይዘጋል። እዚህ ላይ መምህር ሽምብራውን በሁለት መዳፋቸው ሰብስበው ጭምቅ ያደርጉታል። «መሃል ያለው ሰው ክንዱን ማንሣት እንኳ አይችልም። ያሰራቸው የራሳቸው ብዛት ነው» ይላሉ። ከዚያ ሽምብራውን እንበላዋለን።

መምህር ቶሎሳ የተማሩት የሁለት ዓመት የመምህራን ኮርስ ብቻ ነበር። ምኞታቸው አዲስ አበባ ሄደው ዩኒቨርሲቲ ገብተው ታሪክ ማጥናት ነው። ለዚያ የትምህርት ቤቶቹ ኢንስፔክተር የድጋፍ ደብዳቤ ያስፈልጋቸዋል። ይህን የነገሩን እሳቸው አይደሉም፤ ባለቤታቸው ጨርቅ ሊገዙ ሄደው ለሰይድ እናት አጫወቷቸው፣ ሰይድ ደግሞ የሰማውን የማያቆይ ሰው ነው። ኢንስፔክተሩ አንድ ቀን ሳይታሰብ ክፍላችን ገቡና ጠረጴዛው ላይ የተሰለፈውን እህል አዩ። «ይህ የታሪክ ክፍል ነው ወይስ የእህል ተራ?» አሉ። እኛ ሳቅን፤ እሳቸው ግን ለቀልድ አላሉትም። አንድ ጦርነት ላይ ሦስት ሳምንት መክረም የመንግሥትን ጊዜ ማባከን እንደሆነ እኛው ፊት ተናገሯቸው። መምህር ጠመኔያቸውን ኪሳቸው ከተቱ። «አንድ ቅዳሜ ይስጡኝ። ተማሪዎቹ ምን እንደተማሩ ሜዳ ላይ ያዩታል» አሏቸው። ኢንስፔክተሩ ትንሽ አሰቡና እሺ አሉ፤ ስለ ደብዳቤውም ከዚያ በኋላ እንነጋገራለን ብለው ወጡ። ስለዚህ መምህር አዲስ አበባ መግባት አለመግባታቸው በእኛ እጅ ወደቀ። ሁላችንም እናውቅ ነበር።

ሮማ የሆኑት የዐሥራ አንደኛ ክፍል ልጆች በሙሉ ናቸው፤ እኛ ዐሥራ ሁለተኞች በቁጥር ግማሻቸው አንሆንም። ታንኳ ሠሪዎቹ ደንገል ሰጡን፣ አጠላለፉንም አሳዩን፤ አንድ ሳምንት ሙሉ ጋሻ ስንሠራ ልብሳችን ሁሉ ሐይቅ ሐይቅ ሸተተ። ፈረሰኛ ከየት ይምጣ ሲባል ሰይድ ተነሥቶ የአባቱን ዐሥራ ሁለት ቢስክሌቶች አቀረበ፤ አዛዡ ራሱ መሆኑንም እግረ መንገዱን አሳወቀን። ሃኒባል እኔ ሆንሁ። የተመረጥሁት በቁመቴ ነው፤ የጦር ጥበብ የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። ጣጣው የመጣው ወደ ኋላ መሄድ ላይ ነው። «ፊሽካ ስነፋ ሠላሳ እርምጃ ወደ ኋላ፣ ፊታችሁን ሳታዞሩ» አሉን መምህር። ጋሻችንን መሬት ላይ አቆምን። በመጨረሻ አንዱ «ለምን እኛ? ዳር ያሉት ይሽሹ» አለ። በሽምብራና በባቄላ ሲሆን ሁላችንም ገብቶን ነበር። በገዛ እግራችን ሲሆን ሌላ ነገር ሆነ። አገራችን ይታወቃል፤ ድግስ ላይ ተነሥቶ የሚፎክር ሰው አባቱንና አያቱን የሚያወድሰው ወደ ኋላ ባለማለታቸው ነው። መምህር እንዲህ ያለ ችግር ይገጥመኛል ብለው አላሰቡም። «ማፈግፈግ ከማጥቃት ይከብዳል። ሃኒባል ራሱ መሃል የቆመው ለዚህ ነው። እሱ ሲሳብ ያዩ ወታደሮች ሽሽት አለመሆኑን ያውቃሉ። አያሌው፣ አንተ ከሄድክ እነሱም ይሄዳሉ» አሉኝ። በልምምድ አራት ጊዜ ሄድሁ፤ አራት ጊዜ ተከተሉኝ፤ አራቱንም ጊዜ ሮማን ከበብን። ለካ እንዲያ የቀለለን የሚያየን ሰው ስላልነበረ ነው።

ቅዳሜው በሚያዝያ ነበር። ከቀትር በኋላ ከሐይቁ የሚነሣውን ነፋስ መምህር አስቀድመው አጥንተውታል፤ በካኔ አቧራው የሮማውያን ፊት ላይ ይነፍስ ነበር ብለው ሮማውያንን ወደ ሐይቁ አዞሯቸው። እኛ ጀርባችንን ለሐይቁ ሰጠን። ከሮማውያን ኋላ ገመድ ተወጥሮ፣ ከገመዱ ወዲያ ለኢንስፔክተሩ ወንበርና ጠረጴዛ ተቀመጠ፤ ጠረጴዛው ላይ የተጠለፈ ጨርቅና አንድ ጠርሙስ ለስላሳ። ሮማውያን እኛን ተከትለው ወደ ፊት ሲሄዱ ከገመዱ ፊት የሚለቀቀው ሰፊ ቦታ የሰይድ ቢስክሌቶች መግቢያ ነው። ሁሉም ተለክቷል። የከተማው ሰው ገበያ የወጣ ያህል ሞልቷል። ሰልፌን ልቆጥር ወደ ኋላ ዞር ስል፣ በሐይቁ በኩል ካለው ጉብታ ላይ አባቴን አየሁት።

ሳይነግረኝ ነው የመጣ። የጎርጎራው መርከብ ሲያወርደው ጩኸቱን ሰምቶ ቀጥታ ወደ ሜዳው ወጥቷል። አዲስ ጋቢ ለብሶ ዱላውን ትከሻው ላይ አጋድሞ ቆሟል። ማክሰኝት አካባቢ የአባቴ ስም ሲነሣ «ወደ ኋላ የማያውቅ» ይባላል፤ በሠርግ በተዝካሩ ሰው ሲፎክርበት እየሰማሁ ነው ያደግሁት። ሠላሳ እርምጃ ማለት ደግሞ በጀርባዬ እየሄድሁ እስከ እሱ እግር ድረስ መድረስ ነው። ሮማውያን ገፉ። ጋሻ ከጋሻ ተጋጨ። ፊሽካው ተነፋ። ሰማሁት። ሁለተኛ ተነፋ፤ ዞር ብዬ መምህርን አየኋቸው፣ ከዚያ እግሬን ተከልሁ። ግራና ቀኜ ያሉት እኔ ስቆም እነሱም ቆሙ። ከሠላሳው እርምጃ አንዷንም አልሄድንም። ሮማውያን ግራ ገባቸው፤ ትሸሻላችሁ ተብለው መጥተው ሳንሸሽ ስንቀር ተናደዱ መሰለኝ የምር መጋፋት ጀመሩ፤ እኛም የምር መለስን። በዚህ መሃል ሰይድና ፈረሰኛው በፊሽካው ቃል መሠረት ሙሉ ፍጥነታቸውን ይዘው ከኋላ ዞሩ። ይለቀቃል የተባለው ቦታ ግን አልተለቀቀም። በገመዱና በሮማውያን መሃል ያለችው መተላለፊያ ለፍየል እንኳ አትበቃም። የመጀመሪያው ቢስክሌት አንድ ሮማዊ ላይ ወጣ፤ ሁለተኛው ገመዱን በጥሶ ከነሰይድ ኢንስፔክተሩ ጠረጴዛ ላይ አረፈ። ቢስክሌት የወጣበት የሮማዊው ልጅ ክንድ ተሰበረ። ኢንስፔክተሩ ሱሪያቸው ላይ የፈሰሰውን ለስላሳ በመሐረብ እየጠረጉ ወደ መኪናቸው ሄዱ። መምህር ቶሎሳ ጥቂት እርምጃ ተከተሏቸውና ቆሙ። ያን አቋቋማቸውን እስከ ዛሬ አልረሳሁትም።

አባቴ ያን ዕለት ስለ ነገሩ ምንም አላለኝም። እኔ ግን ኮርቶብኛል ብዬ አስብ ነበር። እሑድ ጠዋት መርከቧን ስንጠብቅ፣ እንደ ተራ ነገር አነሣው።

«ያ ፊሽካ የሚነፉት ሰውዬ ዐዋቂ ናቸው» አለኝ። «ዳርና ዳሩን አጽንተው፣ ባለ ሳይክሎቹን ደብቀው። መሃሉን ሳብ ብታደርጉት ኖሮ ያን ሁሉ ሰው እንደ በግ ትዘጉበት ነበር። ምነው ግትር ብለህ ቀረህ?»

«አንተ ቆመህ እያየኸኝ ልሽሽ?» አልሁት።

«እኔማ መቼ ይስባቸዋል እያልሁ ነው የማይህ።»

«ሰው ሁሉ ወደ ኋላ አያውቅም ይልህ የለም እንዴ አባ?»

«ያ ለድግስ ነው» አለና ምራቁን ወደ ውኃው ተፋ። «ሸሽቼ የተረፍሁበትን ቢያወሩ ማን ጠላ ይቀዳላቸዋል። ስንት ጊዜ ሸሽቻለሁ። ባልሸሽ አንተስ ከየት ትመጣ ነበር።»

ፊደል ያልቆጠረው አባቴ ከጉብታው ላይ ሆኖ የሃኒባልን ሐሳብ ከእኔ በተሻለ አንብቦታል። ሰኞ ጠዋት እውነቱን ለመናገር ወስኜ ትምህርት ቤት ሄድሁ። መምህር ከኢንስፔክተሩ ጋር ቢሮ ውስጥ ነበሩ። በሩ ላይ ቆሜ ጠበቅሁ። ሲወጡ ትከሻዬን ነካ አደረጉኝ። «ፊሽካው አልተሰማህም እንዴ?» አሉኝ። በሩ ገና ክፍት ነበር፤ ኢንስፔክተሩም ይሰማሉ። «አልተሰማኝም» አልሁ። «ነፋሱ ነው» አሉና ወደ ክፍል ሄዱ። ደብዳቤው ቀረ። ክረምት ሲገባ ወደ አንድ የቆላ ወረዳ ተዛወሩ፤ አውቶቡስ ሲሳፈሩ ዕቃ ተሸክሜላቸዋለሁ፣ ያን ጊዜም አልተናገርሁም። አፍሬ ነው፤ ሌላ ምክንያት የለኝም። እፍረቱ በየዓመቱ እየቀለለ ይሄዳል ብዬ ነበር፤ አልቀለለም።

ሰብለ ካልነገርኋት የማትለቀኝ ስለሆነ የዚህን ግማሽ ነገርኋት። በማግስቱ ይዛኝ ፋሲሎ፣ ሰይድ ሱቅ ሄደች። ሰይድ አሁን ሐጂ ሰይድ ነው፤ የአባቱን ሱቅ ይዟል፣ ቢስክሌት ግን ትቷል፤ ወገቡ አይፈቅድለትም። «መምህር ቶሎሳ? ነቀምቴ ናቸው፣ በሕይወት አሉ» አለኝ ጨርቅ እያጠፈ። «የልጄ ባል ለንግድ ሲሄድ አግኝቷቸዋል። ሰማንያን አልፈዋል፣ ጆሯቸው ግን ደኅና ነው። ደብዳቤ ሁለት ጊዜ ሌላ ቦታም ጠይቀው አልሆነላቸውም አሉ፤ ከዚያ ልጆች መጡ፣ ዘመኑም ተገለባበጠ። እዚያው ሲያስተምሩ ነው ጡረታ የወጡ።» ቁጥራቸውን ስልኬ ላይ ጻፈልኝና «እኔ ጠረጴዛውን ስለ ሰበርሁት ይቅርታ ጠይቅልኝ» አለኝ።

እዚያው ሱቅ ውስጥ፣ የጨርቅ ጥቅል ላይ ተቀምጬ ደወልሁ። ስሜን ስነግራቸው ወዲያው ዐወቁኝ። የምለውን አዘጋጅቼ ነበር፤ መግቢያውን ሁሉ ዘለልሁት።

«ፊሽካውን ሰምቼ ነበር መምህር» አልሁ።

«አውቃለሁ» አሉ። «ሁለተኛውን ስነፋ ዞር ብለህ አይተኸኛል እኮ።»

«ታዲያ ለኢንስፔክተሩ ምን አሏቸው?»

«ዘግይቼ ነፋሁ፣ ድምፁንም ነፋሱ ወሰደው አልኳቸው። የዚያ ልጅ ክንድ ተሰብሮ ነበር፤ አባቱ ተጠያቂ ይፈልጉ ነበር። ትእዛዝ ያልሰማው አያሌው ነው ብል ትባረራለህ። ለማትሪክ ሁለት ወር ነበር የቀረህ። ደግሞም አዛዡ እኔ ነበርኩ፤ የምትቆሙት በማን ፊት እንደሆነ ሳላስብ ነው ያሰለፍኳችሁ።»

አባቴ መርከቧ ጋ ያለኝን ነገርኋቸው። ረጅም ሳቅ ሳቁ፤ ሳቃቸው አልተለወጠም። «እሳቸውን ነበር ሃኒባል ማድረግ» አሉ። እኔም ሳቅሁ፤ የተገላገልሁ መሰለኝ። ከዚያ ሲረጋጉ «አንተስ? ከዚያ በኋላ ምን ተማርክ?» አሉኝ። ይህን ባይጠይቁኝ ብዬ ነበር።

«ታሪክ» አልሁ።

«የት?»

አዲስ አበባ መሆኑን ነገርኋቸው። እሳቸው ሊገቡበት የነበረው ዩኒቨርሲቲ፣ እሳቸው ሊገቡ በነበረበት መስከረም እኔ ገባሁ፤ ከዚያም ሠላሳ ዓመት አስተማርሁ። ይህንንም ጨምሬ ተናገርሁት። 

«ቤተ መጻሕፍቱ» አሉ ቆይተው፣ «እንደሚሉት ትልቅ ነው?»

«ትልቅ ነው መምህር» አልሁ።